ውኃችሁስ እንዴት አደረ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። በዚያ የሚያልፍ የዕድሜ እኩያዬ ሁሉ ሰላምታው አንድ ነው። «አያሌው፣ እንዴት አደርህ? ውኃህስ እንዴት አደረ?» ይለኛል። «ፈልቶ አደረ» እላለሁ። ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ልጆቹ «እነዚህን ሽማግሎች ምን ነካቸው?» እያሉ ያልፉናል። እውነታቸውን ነው፤ ሬዲዮኑን አልሰሙትም።

በደርግ ጊዜ ሬዲዮ የሰማ ሰው ግን ያውቀዋል። ዶክተር መክብብ ንግግራቸውን ሲከፍቱ «እንዴት አደራችሁ? ውኃችሁስ እንዴት አደረ?» ይሉ ነበር። ከዚያ ስለ ምንጭ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ኩፍኝ፣ ስለ ወባ ያወራሉ። ሰላምታቸውን አገር ለመደው። ስኳር ሊገዛ ከቀበሌ ሱቅ የተሰለፈ ሰው፣ ተራው ሳይደርስ ስኳሩ ያለቀበት እንደሆነ «ስኳራችሁስ እንዴት አደረ?» ብሎ ይቀልድ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ታዲያ።

ሌላው ሰው እሳቸውን የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነው። እኔ የማውቃቸው በተረከዛቸው ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ከኋላ ከኋላቸው ስሄድ የኖርሁ ነኝና።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ተጨበጨበልኝም። መድረኩን የመራው ወጣት «አባባ፣ የሥራ ድርሻዎ ምን ነበር?» ቢለኝ በልቤ ቆጠርሁ። ረጪ ነበርሁ። ተሸካሚ ነበርሁ። መንገድ መሪም፣ ድምፅ ማጉያ ያዥም ነበርሁ። ኋላ «ስጠይቅ ነው የኖርሁት፣ ልጄ» አልሁት። አዳራሹ ሳቀ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው መሰለኝ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ልገባ ስል አባቴ ታመመና ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የተማርሁት ሐይቁን ነው፤ ደንገል ማጨድ፣ ታንኳ መቅዘፍ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ ማወቅ። የወባ ሥራ ሰው ሲፈልግ «ደሴቶቹን የሚያውቅ አለ?» ተባለ፤ እኔ አለሁ አልሁ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ግን በወሩ ይመጣል። ነጭ ዱቄት በባልዲ በጥብጠን፣ ፓምፑን በትከሻ አንግተን፣ ቤት ለቤት ግድግዳ እንረጫለን። ረጪ መሆን ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዘንጉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እጅ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ማስኬድ አለ። ከፈጠንህ ግድግዳው አይጠጣም፤ ከዘገየህ ይፈስሳል። ከመርጨቱ በፊት ደግሞ ጎታውን፣ ሌማቱን፣ የታመመውን፣ ዶሮውን ሁሉ ማስወጣት አለ። ባለቤቲቱ አብራ እያወጣች ትራገማለች። «መድኃኒታችሁ ትንኙን ገድሎ ትኋኑን አበዛብን!» ትላለች። እኛ ስንሄድ ለበዓል ብላ ግድግዳውን በእበት ትለቀልቀዋለች፤ የለፋንበት መድኃኒት ሁሉ ከእበቱ ሥር ይቀራል።

ይህንን ነገር መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው ዶክተር መክብብ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቀጭን፣ መነፅር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ሐኪም ናቸው ቢሉኝ መርፌ የሚወጉ መሰለኝ። እሳቸው ግን የተማሩት ሌላ ነው፤ በሽታ ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ ማንን ይዞ ማንን እንደተወ መከታተል ነው። የተሰረቀ በሬ ዱካ የሚያወጣ ሰው አለ አይደል? እንደሱ ማለት ነው። ገና በተዋወቅን ቀን «ረጭታችሁ ስትወጡ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?» አሉኝ። እበቱን ነገርኋቸው። አዩኝና «ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» አሉ። እንዲያ ነው የተጀመረው።

ልማዶቻቸውን ልናገር። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከሚጠይቁት ሰው ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ እሱ መደብ ላይ ከሆነ እሳቸው መሬት፣ እሱ መሬት ከሆነ ቁርጥ እንደ ልጅ እግራቸውን አጥፈው። ሰው እያወራ አይጽፉም። በዚያ ዘመን ስም የሚጽፍ ሰው አይወደድም፤ ስም ከተጻፈ ወይ መዋጮ ነው ወይ ዘመቻ። ስለዚህ በኮታቸው ግራ ኪስ ሽምብራ፣ በቀኝ ኪስ ባቄላ ይይዙ ነበር። ለታመመው አንዲት ሽምብራ፣ ላልታመመው አንዲት ባቄላ እያወጡ ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ በሁለት ከረጢት እይዛለሁ። ሲመሽ ሰፌድ ላይ ዘርግተን እናያለን። ካየን በኋላ አስቆልተን እንበላዋለን። «አያሌው፣ ዛሬ ሕመምተኛው በዝቷል፤ ጥጋብ ነው» ይሉኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚቀልዱት ሲከፋቸው ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «የታመመውንማ ሁሉም ይጠይቀዋል፤ አንተ ያልታመመውን ጠይቅ።» በጢስ ዓባይ አንድ መንደር ገሚሱ በወባ ሲንቀጠቀጥ ገሚሱ ደኅና ነበር። ሁላችንም ከታመሙት በር ስንኮለኮል እሳቸው አቀበቱን ወጥተው ደኅና ከሆኑ ሽማግሌ ጋር ሲጫወቱ ዋሉ። ለካ ከታች ያሉት ሰዎች ለትምህርት ቤት ግድግዳ ጭቃ ብለው የቆፈሩት ጉድጓድ ሁሉ ውኃ አቁሯል። ሽማግሌው ኋላ ሲነገራቸው «ትምህርት ቤት እንሠራለን ብለን ወባ ሠራን በሉኛ!» አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ደንገል በር ላይ የተሳሳቱት።

ደንገል በር ከባሕር ዳር በጀልባ የግማሽ ቀን መንገድ የሆነች የሐይቅ ዳር መንደር ናት። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ተቅማጥና ትውከት ገባባት። ስንደርስ ለቅሶ ከለቅሶ ተገናኝቶ ነበር። የእማማ አለሚቱ ልጅ፣ ያ ታንኳ ሠሪው፣ የእናቱ አንድያ፣ በደረስንበት ቀን ተቀበረ። ለታመሙት ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ እያጠጣን ብዙውን አዳንን። ዱካውን ግን ማውጣት አቃተን። ሰው ስለ ተቅማጥ ማውራት ያፍራል። «ምን በላህ? ምን ጠጣህ?» ሲባል «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ይዘጋል። ከረጢቶቼ ባዶ ዋሉ።

ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደለ ሐሳብ አመጣ። ጎልማሳ ነው፤ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ጥሩንባ ማስነፋት ግን ይወዳል።

«ዶክተር፣ በእኛ አገር የከብት ሌባ የሚወጣው በአውጫጭኝ ነው» አላቸው። «በሽታስ ሌባ አይደል?»

ዶክተር መክብብ ሳቁ። «እውነትህን ነው፤ ሌባ ነው» አሉ። ወደዱት። እኔም ወደድሁት።

አውጫጭኝ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። አገሩ በሙሉ ወጥቶ ይቀመጣል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጠው ሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌው ደግሞ የነገረውን ሰው ሳይጠራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣል። ስለዚህ ማንም ቂም አይያዝበትም። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን በወፍ ይለዋል።

ጥሩንባው ተነፋ። ሕዝቡ ከዳገቱ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ወጣ። ገበሬ ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ የየሳምንቱ ስብሰባ የሚደረገውም እዚያው ነው። ከጧት እስከ ማታ ዋልን። እውነትም ወፏ ተናገረች። «ወፍ ነገረችኝ፤ ታንኳ ሠሪው ከመታመሙ በፊት ከጥሩወርቅ ቤት ጠጥቷል።» ትንሽ ቆይቶ «ወፍ ነገረችኝ፤ እገሌም ከጥሩወርቅ ቤት ነበር።» ሽምብራው እየመጣ ከረጢቴን ሞላው። የታመመው ሁሉ ከጥሩወርቅ ቤት ጠጥቷል።

ጥሩወርቅ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። መተዳደሪያዋ ጠላ ነው። እዚያው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ስሟ በተጠራ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ዶክተር መክብብ ብድግ አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ዱካ የያዘ ሰው ደስታ። በድምፅ ማጉያው፣ እኔ በያዝሁላቸው፣ «ወገኖቼ፣ አግኝተነዋል። በሽታው የወጣው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠላ ነው። ለጊዜው እንዳትጠጡ» አሉ። ይኸው ነው ያሉት። ክፉ ቃል የለበትም።

ጀልባችን ጋ ሳንደርስ ጋን ሲሰበር ሰማን። አንዱ ተሰበረ፤ ሌላውም ተሰበረ። ዞር ስንል ጥሩወርቅ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ሰው እየጮኸባት፣ በመሸንቲ መንገድ ትሮጣለች። ወንድሟ እዚያ እህል ነጋዴ ነው። ዶክተሩ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይሉኛል።

«ሌባዋ ተገኘች ነው የሚሉ፣ ዶክተር» አልሁ።

ጠላ ቤቱ ተዘጋ። በሽታው ግን አልተዘጋም። እንዲያውም ከአውጫጭኙ በኋላ ባሰበት። ያንን የሰማን ጊዜ ዶክተሩ ቁርሳቸውን ትተው ተነሡ።

ጀልባው ከሚያርፍበት አጠገብ፣ ከመንደሩ ዳር፣ የሰይድ ቤት አለ። ሰይድ ከወረታ የመጡ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴዎች ልጅ ነው። በአውጫጭኙ ቀን ወረታ ገበያ ሄዶ ነበር። ቤተሰቡንም የጠራ ሰው አልነበረም፤ «እነሱ ጠላ ቤት አይገቡ፣ ምን ይጠየቃሉ?» ተብሎ ቀርቷል። ከጀልባ ስንወርድ ሰይድ እየሮጠ መጣ።

«ዶክተር፣ ልጄን ይዩልኝ!»

ልጅቱ ዓይኗ ጎድጉዷል። ዶክተሩ እያጠጧት «መቼ ጀመራት?» አሉ።

«ገና በሽታው ሲገባ ነው የጀመራት፤ ተሽሏት ነበር፤ አሁን ተመለሰባት።»

«ከጠላ ቤት ሰው ያመጣላት ነገር አለ?»

«ወላሂ ዶክተር፣ ከእኛ ቤት ጠላ ሽታውም አያልፍ! ምን ነካዎ?»

ዶክተር መክብብ እጃቸውን ግራ ኪሳቸው ከተቱና አንዲት ሽምብራ አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ያይዋት ጀመር። «አያሌው፣ ይህችን የት ልክተታት?» አሉኝ። ድምፃቸው ተቀይሯል። ከዚያ «ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው?» አሉት።

«ከምንጩ ነዋ። አገሩ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያው።»

ምንጩ ከዋርካው በታች ነው። ወጣን፤ አየን። አየን ስል አፍንጫችንን ይዘን ማለቴ ነው። የየሳምንቱ ስብሰባ ረጅም ነው፤ ከስብሰባ መነሣት ደግሞ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ሰው ከዋርካው ጀርባ ብቻ ዞር ብሎ ይመለሳል። ዝናቡ ያንን ሁሉ አጥቦ ምንጩ ውስጥ ይጨምረዋል። ጥሩወርቅ ደግሞ እንደማንኛዋም ጠላ ሻጭ ቀን ቀን ጠላውን ሸጣ፣ ሲመሻሽ ለድሃው ቅራሪ ታቀጥናለች፤ ቅራሪ የሚቀጥነው በጥሬ ውኃ ነው። ዱካው በእሷ ቤት ያለፈው በዚህ ነው። በሰይድም ቤት አልፏል፤ በሁሉም ቤት አልፏል። እኛ ደግሞ አገሩን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ዳገት ላይ አስቀምጠን ማንም እንዳይነሣ አልን።

ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ያልታመመውን ጠይቅ የምለው እኔ አይደለሁም?» አሉ። «ያልጠራነውንስ ማን ይጠይቀው?»

በመጨረሻ «አያሌው፣ በእናንተ አገር የሰው ስም ያጠፋ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ሽማግሌ ይልካል።»

«ከዚያ የባሰ ከሆነስ?»

«ድንጋይ ተሸክሞ ከበዳዩ… ማለቴ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል። እሱ ግን ለደም ነው፣ ዶክተር።»

«ከአውጫጭኙ ወዲህ ሰው ሞቷል እኮ።» መነፅራቸውን ጠረጉ። «ከባድ ነው ድንጋዩ?»

«እንደ ጥፋቱ ነው» አልሁ።

መሸንቲ የደረስነው በገበያዋ ዕለት ነበር። ዶክተሩ ከመኪና ወርደው ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ መረጡ፤ አነስ ያለ ባሳያቸውም እንቢ አሉ። ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝና ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አጎንብሰው በገበያው መካከል መሄድ ጀመሩ። ገበያው ቀጥ አለ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ማንን ገድሎ ነው?»

«እንዲህም ያለ ነፍሰ ገዳይ አለ? መነፅር አድርጎ!»

«ካድሬ ነው እንዴ?»

«ካድሬማ ያሸክማል እንጂ ይሸከማል እንዴ?» አለ አንዱ ጌሾ ሻጭ፤ ወዲያው ግራ ቀኙን አየ።

ዶክተሩም እንዳጎነበሱ መለሱላቸው። ማንም ሳይሰበስበው ሕዝቡ ተከተላቸው፤ እሳቸው እየሄዱ ይነግሩታል። «ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ስም ገደልኩ። ጥፋቱ የውኃ ነበር፤ እኔ የሴት አደረግኩት።» «የምን ውኃ?» ይላል አንዱ። ስለ ምንጩ ይነግሩታል። «የእኛስ ምንጭ ከበላዩ ምን አለ?» ትላለች አንዲት ሴት። ከድንጋዩ ሥር ሆነው ይመልሱላታል። ድምፅ ማጉያው እኔ እጅ ላይ ነበር፤ አልጠየቁኝም።

ከወንድሟ ደጅ ደርሰው ተንበረከኩ። ጥሩወርቅ ወጣች። ረጋ ብላ አየቻቸው። አገር ሁሉ እርስዎ የሚላቸውን ሰው አንተ አለቻቸው።

«ድንጋዩ ያንተን አንገት ያሳምም ይሆናል። ለእኔ ስም ምን ይሠራለታል?»

«ምን ላድርግ፣ እመቤቴ?»

«ስሜን ያወጣኸው በአደባባይ ነው። የምትመልሰውም በአደባባይ ነው።» ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ ከጎናቸው አስቀመጠችው። «መሸንቲ ደግሞ የእኔ አደባባይ አይደለም። ተነሥ፣ ልብስህ ተበላሸ።»

ስንመለስ በመኪና ውስጥ አንገታቸውን እያሹ «እስከ ዛሬ ስናገር ሕዝቡ የሚያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ እስክጨርስ ነው የሚጠብቀኝ።»

ደንገል በር ላይ ጓድ ታደለን ፈቃድ ለመኑት። ፊቱ ጠቆረ። «ስብሰባ በሽታ ያመጣል ልትሉ ነው? ይህንን ወረዳ ቢሰማ ማን ይተርፋል? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ ላነሰ ነገርም ሰው ይጠፋ ነበር። ዶክተሩ ግን «ስብሰባው ይኑር፣ ጓድ ታደለ። ዳገቱ ብቻ ይለወጥ» አሉት። እሺም እንቢም ሳይል ሄደ። ዋርካው ሥር ስላልፈቀደ፣ በገበያ ቀን ታንኳ ከሚታሰርበት ዳር ቆምን። እዚያ ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል። ጥሩንባ አልተነፋም።

ዶክተሩ ከአንዲት ሻጭ ሰፌድ ተውሰው ያን ጊዜ ሳንቆላ ያቆየነውን ሽምብራ ዘረገፉት። «ይህን ሁሉ አውጫጭኙ ላይ ነግራችሁኛል። ያን ዕለት ግን ትልቋ ወፍ እኔ ነበርኩ፤ የዋሸችውም እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው አንዲቷን ሽምብራ አወጡ። «ይህች የሰይድ ልጅ ናት። ታማለች። ጠላ ትጠጣለች?»

ሰው ሳቀ። ሰይድ ከኋላ ሆኖ «አላህ ይጠብቃት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ።

«እንግዲያውስ ማን አሳመማት?»

ሳቁ ቆመ። እሳቸው ዝም አሉ። እኔ መልሱን ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ «ውኃው» አለ። ሌላም «ውኃው ነው!» አለ።

«እኔ አላልኩም፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት» አሉ ዶክተሩ። «ወይዘሮ ጥሩወርቅም የቀዳችው እናንተ የቀዳችሁትን ነው። ይቅር በሏት አልልም፤ ያጠፋችው የለምና። ይቅር እንድትለን እንለምናት።»

በሳምንቱ ጓድ ታደለ ስብሰባውን ከምንጩ በታች ወዳለው ሜዳ አወረደው። ምንጩን አሳጠረ፤ ሽንት ቤትም አስቆፈረ፤ ውኃ ሳይፈላ እንዳይጠጣም አዘዘ። «አብዮታችን ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል!» ብሎ ንግግር አደረገ። እንደራሱ ሐሳብ ነው ያቀረበው፤ ዶክተሩም አጨበጨቡለት። «ሐሳብ ባለቤት ካገኘ ይኖራል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሥራቸው የተለወጠው። ዱካ ማውጣቱን ለተማሪዎቻቸው እየተዉ ወደ መናገሩ ሄዱ። «ያገኘውን ነገር እንዴት እንደሚናገረው ያላወቀ ሰው ባያገኘው ይሻላል» ይሉ ነበር። ኋላ ሬዲዮ ጠራቸው። ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር መጀመሪያ ንግግሩን ለእኔ ያነቡልኛል። ካንቀላፋሁ ያሳጥሩታል። እኔ ደግሞ ዳዊት የደገምሁ ነኝና ግእዝ ጣል ጣል እንዲያደርጉ፣ ቤት እንዲመታ እመክራቸዋለሁ፤ እየሳቁ ይሰርዙታል። ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት ደግሞ «በዚህ ቃል የማን ጋን ይሰበራል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጋን የሚሰብር ቃል ካለበት፣ ያማረ ቢሆንም፣ ይወጣል።

ሰላምታው ግን የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። እሱን ልንገርና ላብቃ።

ጥሩወርቅ ተመለሰች። ወንድሟ አዲስ ጋን ገዛላት። ጠላዋን ጠመቀች፤ በደረሰም ጊዜ እንደ ደንቡ ጣሳውን በእንጨት ሰክታ ከደጇ አቆመች። እኔና ዶክተሩ ከጧት ጀምሮ ገብተን ተቀመጥን። ሰው አልመጣም። በደጅ ያልፋል፤ ጣሳውን ያያል፤ ያልፋል። የተባለውን ሁሉ አምኗል፤ እግሩ ግን አላመነም። ዶክተሩ ጠላ አይችሉም፤ ባዶ ቤት እንዳይሆን ብለው ሲጠጡ ሲጠጡ ዓይናቸው ቀላ። ጥሩወርቅ አንዴ ትቀዳለች፣ አንዴ በሩን ታያለች። ልጅቷ «እማዬ፣ ጣሳውን ላውርደው?» አለቻት። «ተይው» አለቻት። ዶክተሩ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ድንጋዩ ከዚህ ይቀል ነበር» አሉኝ።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ በሩን ጥላ ሞላው። እማማ አለሚቱ ናቸው። ከእነ ማቃቸው። ልጃቸው የመጨረሻ ቅራሪውን የጠጣው እዚያ ቤት ነው። ሦስታችንም ተነሣን። ከኋላቸው መንገድ ላይ ሰው ቆሟል፤ የሚሆነውን ሊያይ።

እማማ አለሚቱ አልተቀመጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ቤቱን ቃኙት፤ ጋኑን አዩ፤ እንስራውን አዩ። ከዚያ ጥሩወርቅን አዩ።

«ጥሩወርቅ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«እንዴት አደርሽ?» አሉ፤ ሊመሽ ሲል የጧት ሰላምታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን።» ዱላቸውን ወደ እንስራው ቀሰሩ። «ውኃሽስ እንዴት አደረ?»

ጥሩወርቅ እንባዋ ወረደ። «ፈልቶ አደረ፣ እማማ።»

እማማ አለሚቱ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን ከጎናቸው አጋደሙ።

«እንግዲያው ቅራሪ ቅጂልኝ» አሉ።